የባቄላው ኬሚስት

በምዕራብ አፍሪካ ካላባር አካባቢ ድሮ በጥንቆላ የተከሰሰ ሰው የአንድ መርዘኛ ባቄላ ጭማቂ ይጠጣ ነበር። ከተረፈ ንጹሕ ነው፤ ከሞተም ፍርዱን አገኘ። በባቄላው ውስጥ ያለው ፊዞስቲግሚን በልኩ ሲሰጥ ግን የግላኮማ ሕመምተኛን የዓይን ግፊት ይቀንሳል።

ኦርጋኒክ ኬሚስት እንዲህ ያለውን የካርቦን ውህድ ፈታትቶ ካወቀ በኋላ ከሌላ ነገር መልሶ የሚሠራ ሰው ነው። የሚገጣጥመውን በዓይኑ አያየውም። በኬሚስቱ ፐርሲ ጁሊያን ዘመን የተሠራው የታሰበው ውህድ ለመሆኑ ዋናው ምስክር የሚቀልጥበት ሙቀት ነበር።

ጁሊያን በ1899 (አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን ነው) አላባማ ውስጥ የተወለደ የባሪያ የልጅ ልጅ ነው። ዶክትሬቱን ያገኘው በ1931 ቪየና ነው። ፊዞስቲግሚንን ለመሥራት ሲነሣ ኦክስፎርድ ላይ ሮበርት ሮቢንሰን ቀድሞት ነበር፤ ወደ መድኃኒቱ የሚያደርሰውን ውህድ ሠርቻለሁ ብሎ አሳትሟል። ጁሊያንና ባልደረባው ዮሴፍ ፒክል የሠሩት ግን በሌላ ሙቀት ቀለጠ። ከሁለት አንዱ ተሳስቷል። ጁሊያን የተሳሳተው ሮቢንሰን ነው ብሎ በይፋ ጻፈ። ጥቁር ሰው ያን ጊዜ፣ በኋላ ኖቤል የተሸለመን ሊቅ! በ1935 መድኃኒቱን ራሱን ሠርቶ አስመሰከረ። ያም ሆኖ የሠራበት ኮሌጅ በቀለሙ ምክንያት ፕሮፌሰርነት ነፈገው።

በ1936 ቺካጎ ወዳለው ግሊደን ኩባንያ ገባ። አንድ ቀን የአኩሪ አተር ዘይት ጋን ውስጥ ውሃ ገብቶ ነጭ ዝቃጭ ተገኘ። ለኩባንያው ኪሳራ ነበር። ጁሊያን ግን ያንኑ ነጭ ነገር ከካላባር ባቄላ ዘይት ቀድሞ ስላየው ስቲግማስቴሮል መሆኑን ለየው። ከዚያ ፕሮጄስትሮንን በብዛት ማምረት ተቻለ፤ ይህ ሆርሞን ቀድሞ ከእንስሳት በጥቂቱ እየተጣራ በውድ ይሸጥ ነበር። እኔን የሚደንቀኝ ዕድሉ አይደለም፤ ዝቃጩን ለመለየት ያበቃው የዓመታት ልምዱ ነው።

በ1950 ቺካጎ አጠገብ ኦክ ፓርክ ቤት ገዛ። ገና ሳይገባበት ጥቁር ጎረቤት ያልፈለጉ ሰዎች ሊያቃጥሉት ሞከሩ፤ በማግስቱ ዓመት ዲናሚት ወረወሩበት። ጁሊያን ከልጁ ጋር ጠመንጃ ይዞ ሌሊት ይጠብቅ ነበር እንጂ ቤቱን አልለቀቀም።