ለሳሳ ጠጉር ጊዜ ራሱ መድኃኒት ነው

ጠጉር ሲሳሳ ብዙ እናቶችና እህቶች መጀመሪያ የሚያስቡት ቅቤ መቀባትን ነው። እንደሚታወቀው ከወሊድ ወይም ከከባድ ሕመም በኋላ የሚረግፍ ጠጉር ሥሩ ስላልሞተ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ነገር ግን ሥሩ ተቆጥቶ በጠባሳ የሚተካበት ሌላ ዓይነት አለ። በጠባሳ ላይ ጠጉር አይበቅልም። በመሆኑም የሕክምናው ዋና ዓላማ የቀረውን ማዳን ነው።

በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ከመሐል አናት ተነሥቶ ዙሪያውን እየሰፋ የሚሄደው ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሐኪሞች ስለዚህ ሕመም ሲጽፉ ጥፋቱን በእሳት በሚግል ማበጠሪያ ላይ ጥለውት ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ከተመረመሩት ሴቶች ሩብ ያህሉ ላይ የዘር ለውጥ አግኝቷል። ስለዚህ የእናቷ አናት የሳሳባት ልጅ ይበልጥ ልትጠነቀቅ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት አጥብቆ መሠራት ነው። ግንባርንና ጆሮ ግንድን የሚወጥር ሹሩባ ቶሎ ከላላ ጠጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ጠባሳ ይተዋል። በልጆች ላይ ደግሞ ያበጠና መግል የያዘ ቆረቆር እንዲሁ ያደርጋል። ቅባት ብቻውን ወደ ጠጉሩ ሥር ስለማይደርስ፣ ሐኪም የሚያዝዘው የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

የቆዳ ሐኪም የጠጉሩ ቀዳዳዎች መኖር አለመኖራቸውን በማጉያ መነጽር ይመለከታል። ከተጠራጠረም ቦታውን አደንዝዞ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የቆዳ ናሙና ይወስዳል። ናሙናው የሚወሰደው ከተመለጠው መሐል ሳይሆን ሕመሙ ገና ከሚሠራበት ዳር ነው።

ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። የአናቱን ቁጣ ለማብረድ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ወይም መርፌ፣ አንዳንዴም ለወራት የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ይታዘዛል። ሚኖክሲዲል የተረፈውን ጠጉር ሊያግዝ ይችላል። እነዚህን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መጠቀም፣ በተለይም ለነፍሰ ጡር፣ አደገኛ ነው።

ማቃጠል፣ ማሳከክና ሲነኩት ማመም ምልክቶች ናቸው፤ አንዳንዴ ግን ያለ አንዳች ሕመም ይሰፋል። ስለዚህ ሹሩባ በሚፈታበት ቀን እናት የልጇን፣ እህትም የእህቷን አናት በብርሃን ትመልከት። ቆዳው የሚያብለጨልጭና ቀዳዳው የማይታይ ቦታ ከተገኘ፣ ከሠሪዋ በፊት ሐኪም ይቅደም። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።