ስንፈተ ወሲብ የልብ ጉዳይም ነው

«አስረውት ነው» ይባላል። ትዳር ይዞ፣ ልጆች ወልዶ የኖረ ጎልማሳ ብልቱ አልቆም ሲለው እዚህ ወረታም ሆነ በሌላው ያገራችን ክፍል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ምቀኛ፣ የሚፈለገውም መተት ፈቺ ነው።

እውነታው ግን ከደም ሥር ይጀምራል። ስሜት ሲነሳሳ ነርቮችና የደም ሥር ግድግዳዎች ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫሉ፤ ሥሮቹ ይላላሉ፣ ብልት በደም ይሞላል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና ኮሌስትሮል ያንን ግድግዳ ሲጎዱ ሥራው ይስተጓጎላል። ለብልት ደም የሚያደርሱት ሥሮች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ልብን የሚመግቡት ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ደለል ሲያመጡ የሩዝ ማሳው ጠባብ ቦይ ከሰፊው ቀድሞ እንደሚደፈን፣ እዚህም ቀድሞ የሚታወቀው የጠባቡ ሥር ጉዳት ነው። በብዙ ታካሚዎች ስንፈቱ ከልብ ሕመም ምልክት ከ2 እስከ 5 ዓመት ይቀድማል። በመተት ፈቺ ደጅ የሚባክነው ይህ ጊዜ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሁሉም ስንፈት ከልብ ጋር ይያያዛል ማለት አይደለም። ጭንቀት፣ ድብርት፣ መጠጥና አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችም ያመጡታል። በድንገት የጀመረውና ንጋት ላይ ብልቱ በራሱ የሚቆምለት ሰው ችግሩ ባብዛኛው ከጭንቀት ነው። ቀስ በቀስ የባሰበትና የንጋቱም የቀረበት ግን የደም ሥሩ ሊመረመር ይገባል።

«እርጅና ነው» የሚሉም አሉ። ዕድሜ ድርሻ አለው፤ በ40ዎቹ ላለ ሰው ግን ይህ መልስ አይሆንም፤ ማስጠንቀቂያው ይበልጥ የሚከብደው እንዲያውም በዚህ ዕድሜ ነው።

«ቪያግራ ልብ ያቆማል» የሚለውስ? መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ሕመም የደረት ውጋት ነበር፤ ለስንፈተ ወሲብ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1998 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሕመሙ የተረጋጋለት ሰው በሐኪም ትእዛዝ ሊወስደው ይችላል። ከምላስ ሥር እንደሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ካሉ የናይትሬት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ ግን ግፊትን አውርዶ ሊገድል ይችላል። ደግሞም ክኒኑ ብልትን ቢያቆምም የጠበበውን የልብ ሥር አይከፍትም፤ በድብቅ ገዝቶ የሚውጥ ሰው ምልክቱን ሸፍኖ ሕመሙን ያሳድራል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጤና ጣቢያ ሂድና ሳታፍር ንገራቸው፤ ግፊትህንና ስኳርህን አስለካ። ስትራመድ ደረትህን የሚጨመድድህ ከሆነ ደግሞ ነገ አትበል፤ ዛሬውኑ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ሂድ።