ከዝግጅት በፊት ድምፅ ለምን ይከዳል?

የምረቃ በዓል ሲቃረብ በየመኝታ ቤቱ አንድ ወሬ መሰማቱ አይቀርም። «እኔ ድምፄ አይሆንም፤ ልቅርባችሁ» ይላል አንዱ። ሌላዋ ደግሞ «አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ፤ ማን ያውቅብኛል?» ትላለች። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ በመጨረሻው ሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ከኅብረ ዝማሬው ከጎደለ ስንት ቀን የተለፋበት ዜማ ይሳሳል። እንግዲህ ፍርሃት ድምፅን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ይበጃል።

ድምፅ የሚፈጠረው ከሳንባ የሚወጣው አየር በማንቁርት ውስጥ ያሉትን ሁለት የድምፅ አውታሮች ሲያርገበግባቸው ነው። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን በደሙ ውስጥ ይበዛል፤ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የአንገት ጡንቻም ይገተራል። ድምፁ የሚንቀጠቀጠው እንግዲህ አየሩ እኩል ሆኖ ስላልወጣ ነው እንጂ ባለቤቱ ድምፅ ስለሌለው አይደለም። ትከሻን ሳያነሱ ትንፋሽን እስከ ሆድ ድረስ መሳብ፣ ከዚያም «ስ…» እያሉ ቀስ አድርጎ ማውጣት ይረዳል። ውኃም ጠጡ። ጥሬ እንቁላል ዋጡ የሚሉ አሉ፤ የተዋጠ ነገር ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ድምፅ አውታር አይሄድም፤ እንቁላሉን ጠብሳችሁ ለቁርስ አድርጉት።

ሌላው ጥርጣሬ «ራሴን አልሰማም» የሚለው ነው። ኤትየን ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 ባወጣው ጽሑፍ ሰው በጫጫታ መካከል ሳያውቀው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ አስረድቷል። በኅብረ ዝማሬም እንዲሁ ነው። ጎረቤት ሲጮኽ እኛም እንጮኻለን፤ ሁሉም ሲጮኽ ማንም ራሱን አይሰማም። ዝቅ ብሎ አጠገብ ያለውን መስማት ይሻላል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የዜማው መነሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዘማሪው ሳይሆን የመነሻው ነው። በአገራችን አዘፋፈን ወንዱም ሴቱም አብዛኛውን ጊዜ አንዱኑ ዜማ ይላል፤ ሴቶቹ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ሲያወጡ ወንዶቹ 220ውን ይይዛሉ፤ ጆሮም ሁለቱን እንደ አንድ ይቀበላቸዋል። በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት የተሠራ ዜማ 5 ድምፆች ብቻ ስላሉት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከፍ ብሎ ከተጀመረ፣ ኧረ ተዉት፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ወንዶቹ ይታነቃሉ። ስለዚህ መሪው መነሻውን ሲሰጥ ከመጀመሪያው ቃል ሳይሆን ከዜማው ከፍተኛ ቦታ ተነሥቶ ይለካው፤ ክራሩንም በዚያው ይቃኝ።

አፍ ብቻ ማንቀሳቀስን በተመለከተ፣ አንድ ረጅም ድምፅ ሳይቋረጥ የሚዘልቀው ዘማሪዎቹ በየተራ ስለሚተነፍሱ ነው። አንዱ አየር ሲስብ ጎረቤቱ ይይዝለታል። ደካማ ድምፅም ይህን ሥራ ይሠራል፤ ዝም ያለ አፍ ግን አይሠራም። ከፍ ያለው ቦታ አልደርስ ያለው ሰው በዚያች ቃል ላይ ብቻ ይረፍና ወዲያው ይመለስ። ማን የት ላይ እንደሚተነፍስ ደግሞ ከልምምዱ በፊት በግጥሙ ወረቀት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።