«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብና የጅቡቲው ሐራጅ

ከአዋሽ አርባ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው አስፋልት ቀንም ሌትም ኮንቴይነር ያመላልሳል። ለረጅም ርቀት ጎን ለጎን የሚከተለው የአዋሽ ወንዝ ግን ባሕር አይደርስም፤ ከግንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ በአብዛኛው የሚያልፈው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መስመር ላይ ኢትዮጵያ የጦር መርከብ የነበራት፣ ባሕረኛ ያሠለጠነች አገር መሆኗን ለመንገደኛው የሚያሳይ ሙዚየም የለም። በሙዚየም ሊቀመጥ የሚገባው ዕቃ ጠፍቶ አይደለም፤ ነበረ። ተሸጠ እንጂ። ከፊሉም የተሸጠው ይኸው መንገድ በሚያልቅበት ከተማ ነው።

ከተሸጡትና ከተሰበሩት ሁሉ ዋናዋ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። የተሠራችው ለእኛ አልነበረም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በአንድ የመርከብ መሥሪያ ተገንብታ እ.ኤ.አ. በ1942 ውኃ ላይ ወረደች፤ በ1944 ደግሞ «ኦርካ» በሚል ስም የአሜሪካ ባሕር ኃይልን ተቀላቀለች። ሥራዋ ለየት ያለ ነው። ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች የአየር ማረፊያ በሌለበት ባሕር ሲዋጉ ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ ጥይትና ለአብራሪዎቹ መኝታ የምታቀርብ ተንቀሳቃሽ ጣቢያ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በፊሊፒንስ ዙሪያ ያገለገለችው በዚህ ሥራ ነው። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው። የመድፏ አፈ ሙዝ ስፋት 127 ሚሊ ሜትር ነበር። ውስጧ ሰፊ፣ መኝታዋ ብዙ በመሆኑ ለሥልጠና ተስማሚ ነበረች። ለኢትዮጵያ በውሰት የተሰጠችውም እ.ኤ.አ. በ1962 መጀመሪያ ነው፤ በ1976 ተገዝታ ጠቅልላ የእኛ ሆነች። ወጣት የባሕር ኃይል መኮንኖች ካርታ ማንበብን፣ በኮከብ አቅጣጫ መያዝን፣ በማዕበል ሆድን መቻልን የተለማመዱት እሷ ላይ ነበር።

የተረከባት ባሕር ኃይል ገና ልጅ ነበር። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን ራሱን የቻለ የጦር ክፍል የሆነው በ1958 ነው። በማደራጀቱ ሥራ ከኖርዌይ ባሕር ኃይል በጡረታ የወጡ መኮንኖች ትልቅ እጅ ነበራቸው። ዋና የጦር ሰፈሩ ምፅዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ አስመራ ነበር፤ የኮሌጁ ትምህርት ከአራት ዓመት በላይ ይወስዳል። ተራ ባሕረኞች የሚሠለጥኑት ከአስመራ ወደ ምፅዋ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ባለችው እምባትካላ ነበር። ከመሪዎቹ ስሙ የገነነው የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በእንግሊዝ ዳርትማውዝ የባሕር ኃይል ኮሌጅ የተማረ ነበር፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከረሸናቸው ስድሳዎቹ አንዱ ሆነ።

ከአብዮቱ በኋላ መርከቦቹ ራሳቸው የፖለቲካውን መገለባበጥ የሚያሳዩ ሆኑ። በአሜሪካ የተሠሩ «ስዊፍትሺፕስ» የተባሉ የቅኝት ጀልባዎች የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ያ ዓመት ደግሞ ደርግ ከአሜሪካ ተቆራርጦ ወደ ሶቪየት ኅብረት የዞረበት ነው። ከዚያ ወዲያ የመጡት «ኦሳ» የተባሉ የሚሳኤል ጀልባዎች፣ ወታደርና ታንክ የሚያራግፉ መርከቦች፣ «ፔትያ» የተባሉ ሁለት ፍሪጌቶች ሁሉም ከሶቪየት ናቸው። በአንድ ወደብ ላይ የአሜሪካ ሞተርና የሶቪየት ራዳር ጎን ለጎን ቆሙ። ለሙዚየም ሰው ሲሳይ ነው፤ ለመለዋወጫ ክፍል ኃላፊ ግን ራስ ምታት።

መጨረሻው የጀመረው የካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ስትገባ ነው። ባሕር ኃይሉ ዋና ቤቱን አጥቶ ወደ አሰብና ወደ ዳህላክ ተገፋ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ስትወድቅ መንቀሳቀስ የቻሉት መርከቦች ባሕረኞቻቸውን ይዘው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሸሹ። «ኢትዮጵያ»ም የመን ገባች። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ያለ ወደብ ቀረች፤ በዚያው ዓመት የመን መርከቦቹን ከወደቧ እንዲወጡ አደረገች። መንቀሳቀስ የቻሉት ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ። ሥራ ከጀመረች አርባ ዘጠኝ ዓመት የሆናት መርከቧ «ኢትዮጵያ» ግን በዚያው በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ጅቡቲ የደረሱት መርከቦች ዕድል የባሰ ይሁን የተሻለ ለመናገር ይከብዳል። ባሕር ኃይሉ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ፣ መርከቦቹ በባዕድ ወደብ ሆነው ሦስት ዓመት ቆየ። ወደብ ደግሞ ነፃ ማቆሚያ አይደለም። መርከብ መልህቅ ጥሎ ወይም ተጠግቶ በቆመ ቁጥር ኪራይ ይቆጠርበታል፤ ዕዳው ሲጠራቀም ወደቡ መርከቡን ይይዛል፤ ከዚያም በሐራጅ ሸጦ ገንዘቡን ይወስዳል። በየትም አገር የታወቀ አሠራር ነው። ጅቡቲም መርከቦቹን ይዛ መስከረም 6 ቀን 1989 ዓ.ም. ለጨረታ አቀረበች። አዲስ አበባ ለመስቀል ስትዘጋጅ የአገሪቱ ባሕር ኃይል በጨረታ ቁጥር እየተጠራ ነበር ማለት ነው።

ከገዢዎቹ መካከል ኤርትራ ነበረች። መጀመሪያ አሥራ ስድስቱን ፈልጋ ነበር፤ በጊዜው ከየመን ጋር በደሴቶች ጉዳይ ተፋጥጣ ስለነበር ውጥረቱን ላለማባባስ አራት ብቻ ወሰደች፤ አንድ «ኦሳ» እና ሦስት «ስዊፍትሺፕስ»። እነዚህ ጀልባዎች ባንዲራ ለውጠው ወደሚያውቁት የባሕር ጠረፍ ተመለሱ። የቀሩት ለብረት ሄዱ።

ብረት የሚገዛ ሰው መርከብን የሚያየው ቁራሌው አሮጌ ድስት እንደሚያይ ነው፤ ስሙን አይጠይቅም፣ ክብደቱን እንጂ። መጀመሪያ የሚነቀለው ዋጋ ያለው ነው፦ የነሐስ መዘውሩ፣ የመዳብ ገመዱ፣ ቱቦና ቫልቩ። ቀጥሎ ሞተሩ ይወጣል። በመጨረሻ ቀፎው በጋዝ እየተቆረጠ ወደ ብረት ማቅለጫ ይላካል። ለታሪክ የሚጠቅመው ዕቃ ለነጋዴው ብዙም አያወጣም፤ ደወሉ፣ ኮምፓሱ፣ የአዛዡ መሪ፣ የዕለት መዝገቡ፣ የተሠራችበት ዘመንና ቦታ የተቀረጸበት ሰሌዳ። ሁሉም ተሰብስበው አንድ ፒካፕ መኪና አይሞሉም። ከባዱ ነገር ገንዘብ አልነበረም፤ ለቅሞ የሚያስቀር ሰው መመደብ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መርከቧን ሙሉ በሙሉ ማትረፍ ይቻል ነበር ብዬ አልከራከርም። ለንደን ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆመችው «ቤልፋስት» እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ሙዚየም ናት፤ ጎብኚው ሞተር ክፍሏ ወርዶ፣ ባሕረኛው የተኛበትን አልጋ አይቶ፣ መድፏ ሥር ቆሞ ይመለሳል። የዚያ ዓይነት ሙዚየም ግን በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ ዝገቱ የሚፋቅ፣ የሚቀባ፣ ባለ ትልቅ በጀት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ከጦርነት የወጣች፣ ወደብ ያጣች አገር ያንን አትችልም። ደወሉን ማምጣት ግን ትችል ነበር።

ከዚያ ሁሉ መርከብ አገር ውስጥ የገባች አንዲት የቅኝት ጀልባ አለች፤ «ጂቢ-21» ትባላለች፤ ጣና ሐይቅ ላይ በሠራዊቱ እጅ ስታገለግል ቆይታለች። ባሕር ኃይሉም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና እየተቋቋመ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ሲፈረም የባሕር ኃይሉ ግንባታ አንዱ ጉዳይ ነበር። አዲሱ ተቋም አዲስ ሠልጣኝ ሲቀበል የሚያስጎበኘው የቀድሞው ዘመን ዕቃ ቢኖረው ምን ያህል በጠቀመው!

አሁን የቀረው በሰው ቤት ያለው ነው። አስመራ የተማሩት፣ እምባትካላ የሠለጠኑት ባሕረኞች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። በየሳጥናቸው ነጭ ኮፍያ፣ የምረቃ ፎቶግራፍ፣ የማዕረግ ምልክት፣ ካርታና ደብዳቤ ይኖራል። ሙዚየሙ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቢቆም አልቃወምም፤ ለእኔ ግን ቦታው ሰመራ ነው። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ወደ ጅቡቲም ወደ አሰብም የሚወርደው መንገድ የሚያልፈው በእሷ ነው፤ የሚለያየው ከእሷ አልፎ ነው። አንድ ክፍል፣ ጥቂት መደርደሪያና የሚናገሩትን የሚቀዳ ሰው ለመጀመሪያ ይበቃል። እናንተም አባታችሁ ወይም አያታችሁ ባሕረኛ ከነበሩ ሳጥኑን ሳትከፍቱና ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ሳትጽፉ ለማንም አትስጡ።