ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ለበሽተኛው ስለሚያስፈልገው ትዕግሥትና ጥንቃቄ

በጽኑ የታመመ ሰው ከአልጋው የሚነሣው በሁለት ወገን ድካም ነው። አንደኛው የሐኪሙ ድካም ሲሆን ሁለተኛው የራሱ የበሽተኛውና የቤተ ሰቡ ድካም ነው። ሐኪሙ የበኩሉን በጥቂት ሰዓት ይፈጽማል፤ የቀረው ግን ብዙ ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ወር ይፈልጋል። ይህም ነገር ከሌላው ሕክምና ሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው አንጀቱ ተቈርጦ በተቀጠለለት ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ሰው «ድኗል» ብሎ መተው ወይም ሆዱ ገና ስላልረጋ «አልዳነም» ብሎ ተስፋ መቍረጥ፣ ሁለቱም ስሕተት መሆናቸውን መረዳት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነት ሕክምና የሚያደርሱት ምክንያቶች ጥቂት አይደሉም። የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ሐኪሞች በዚህ አገር ደጋግመው ከሚያገኟቸው የአንጀት መዘጋት ምክንያቶች አንዱ ነው። ከዚህም ሌላ ካንሰር፣ አንጀትን እስከ መብሳት የሚያደርስ ታይፎይድ፣ ጥይትና የመኪና አደጋ ብዙ ሰው ለቀዶ ሕክምና ያበቃሉ። ሐኪሙ የተጐዳውን ክፍል ቈርጦ ካወጣ በኋላ፣ የሚቻል ሲሆን ሁለቱን ጫፎች ወዲያውኑ ይቀጥላቸዋል። በሽተኛው እጅግ የደከመ ወይም ሆዱ በመግል የተበከለ እንደ ሆነ ግን፣ የአንጀቱን ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ አውጥቶ ዓይነ ምድር በከረጢት እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አንጀቱን መልሶ ይቀጥለዋል።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። የፈረንሳዩ ሐኪም አንቷን ላምቤር የአንጀትን የውጭ ሽፋን ከውጭ ሽፋን ጋር አገናኝቶ የሚሰፋበትን ዘዴ ያስታወቀው እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ1826 ነው። በዚሁ አቈጣጠር በ1921 አንሪ ሃርትማን የተባለው ሌላው ፈረንሳዊ የታችኛውን አንጀት ቈርጦ በማውጣት ጫፉን በሆድ ላይ የሚያወጣበትን መንገድ ገለጸ። በ1978 ደግሞ እንግሊዛውያኑ አለን ፓርክስና ጆን ኒኮልስ ትልቁ አንጀት ሙሉ በሙሉ ለወጣለት ሰው ከትንሹ አንጀት ከረጢት መሰል ማጠራቀሚያ ሠርተው፣ በተፈጥሮ መውጫው እንዲጠቀም የሚያደርገውን ሕክምና አስታወቁ። በእነዚህ ሰዎች ድካም ምክንያት ቀድሞ ሞት ይፈረድበት የነበረው በሽተኛ ዛሬ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ይሁን እንጂ የተቀጠለ አንጀት ወዲያውኑ እንደ ቀድሞው አይሠራም። የተነካ አንጀት ለጥቂት ጊዜ ይተኛል። ትንሹ አንጀት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ጨጓራ 1 ወይም 2 ቀን ይቈያል፤ ትልቁ አንጀት ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት ሆድ ሊነፋ፣ ማቅለሽለሽም ሊመጣ ይችላል። ጋዝ መውጣት የአንጀቱ መንቃት ምልክት ስለሆነ፣ በሌላ ጊዜ የሚያሳፍረው ነገር በዚህ ጊዜ ለሐኪሙም ለበሽተኛውም የምሥራች ነው። በሽተኛው ይህን ለሐኪሙ ለመናገር ማፈር የለበትም።

ቀድሞ በሽተኛው አንጀቱ እስኪነቃ ድረስ ምግብ ተከልክሎ ለብዙ ቀን በአልጋ ላይ እንዲቈይ ይደረግ ነበር። ከ1990ዎቹ የኤሮፓ ዓመታት ጀምሮ ግን የዴንማርኩ ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌትና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ አሳዩ። ይኸውም ሕመሙን በሚገባ ማስታገሥ፣ በሽተኛውን ቶሎ ከአልጋ ማስነሣት፣ ፈሳሽና ምግብም ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ቶሎ ማስጀመር ነው። መራመድ ሳንባን ከምች፣ እግርንም ከደም መርጋት ይጠብቃል። በሚያስልበት ጊዜ ትራስ በሆዱ ላይ አጥብቆ መያዝ የስፌቱን ሕመም ይቀንስለታል። ስለዚህ ጠያቂ ዘመድ «ተኛ፤ አትነሣ» ከማለት ይልቅ ክንዱን ይዞ በመተላለፊያው ላይ ጥቂት ርምጃ ቢያስሄደው የበለጠ ይጠቅመዋል።

ከባዱ ፈተና ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በሽተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። የታችኛው አንጀቱ የተቈረጠበት ሰው፣ ይልቁንም ለወራት በከረጢት ሲጠቀም ቈይቶ አንጀቱ የተመለሰለት፣ በቀን ብዙ ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ይመላለሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይደርስ ያመልጠዋል። ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ከትንሹ አንጀት ማጠራቀሚያ የተሠራለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ10 ጊዜ በላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ይህ በአብዛኛው ወደ 6 ጊዜ ያህል ይወርዳል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ቀዶ ሕክምናው የከሸፈ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ እንዳይወጣ ብሎ መብላትና መጠጣት ይተዋል። ይህ ግን አደገኛ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ውኃና ጨው በብዛት የሚወጣለት ሰው መጠጣት ሲተው ሰውነቱ ደርቆ ኩላሊቱ ይጐዳል።

ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ፣ ነገር ግን ዘወትር መጠጣት ያስፈልገዋል። ከፋርማሲ የሚገኘው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ቢታጣ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው በልኩ ተደርጎ፣ በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። ምግቡም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የለዘበ ይሁን፤ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ እንቍላል፣ እርጎ፣ የአጃ አጥሚት ለዚህ የተስማሙ ናቸው። አንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት ይሻላል። በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ቆሎ፣ ባቄላ፣ ጎመንና የሚያሰክር መጠጥ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቈዩ። እንጀራና ሌላው የለመደው ምግብም በጥቂቱ፣ በሚገባ እየታኘከ፣ አንድ በአንድ ይጨመር፤ ምክንያቱም ሁሉ በአንድ ቀን ከተጀመረ የሚያውከው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

እንግዳ ተቀባይነት ታላቅ ምግባር ነው፤ ዳሩ ግን ለበሽተኛ «እንዲጠነክር» እየተባለ የሚቀርበው ክትፎና ጠጅ በዚህ ጊዜ ጒዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ይልቁንም ሆዱ ደረቀ ተብሎ ኮሶን ወይም መተሬን የመሰለ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት፣ ሆዱንም ማሸት፣ አዲሱን ስፌት ሊጐዳ ስለሚችል ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። እንዲሁም የሆድ ግድግዳ እስኪጠነክር ድረስ ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሣት አይገባም። በውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናልና፣ ይህን የምታነሣ እናት ወይም ሞፈር የሚሸከም ገበሬ ሊረዳው የሚችል ሰው ካላገኘ በስፌቱ በኩል አንጀት ሊወጣበት ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ሰው የመቀመጫው ቆዳ ይላጣል፤ ይህም ሥቃይ ቀላል አይደለም። በየጊዜው ለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ ሳይፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያም ቫዝሊን ወይም የዚንክ ቅባት መቀባት ይጠቅማል። ሐኪሙ ስፌቱ መጠገኑን ካረጋገጠ በኋላ የመቀመጫን ጡንቻ እየጨበጡ መልቀቅ፣ በየቀኑ ሲደረግ፣ የመያዝን ኀይል ያጠነክራል። ይህንም የመሰለውን ልምምድ በ1948 የኤሮፓ ዓመት ለወለዱ ሴቶች ያስታወቀው አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል ነው። ተቅማጥን የሚያዘገይ ክኒንም አለ፤ ነገር ግን መጠኑን መወሰን የሐኪሙ ፈንታ ነው።

በትዕግሥት የሚታለፈውንና ፈጽሞ የማይታለፈውን መለየት ግን የግድ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው የተቀጠለው ስፍራ መፍሰስ ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ ይገለጣል። ትኵሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ከቀን ወደ ቀን የሚብስ የሆድ ሕመም፣ የልብ ፈጥኖ መምታት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ሆዱ ተነፍቶ ጋዝም ዓይነ ምድርም መከልከል፣ ከቍስሉ መግል መውጣት፣ ብዙ ደም መታየት፣ የሽንት ማነስና መጥቆር፣ የአንድ እግር ማበጥ ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከነዚህ አንዱ ቢታይ፣ ሌሊትም ቢሆን በዓልም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ጥቂት ሰዓት ማዘግየት በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ከሥጋው ሕመም ሌላ ደግሞ ኀፍረት አለ። በሽተኛው ሽታ ይሸተኛል ብሎ ከሰው ይርቃል፤ ከለቅሶና ከሠርግ፣ ከቤተ ክርስቲያንም ይቀራል። በዚህ ጊዜ የካህናት ቃል ከመድኃኒት የማያንስ ኀይል አለው። ፍትሐ ነገሥት በሽተኛን ከጾም ግዴታ ነጻ ያደርገዋል፤ የእስልምናም ሃይማኖት እንዲሁ ለበሽተኛ ይፈቅዳል። ነገር ግን በሽተኛው ራሱ ይህን ፈቃድ ለመቀበል ኅሊናው ይከብደዋልና፣ በጾም ወራት እንቍላልና እርጎ በመብላቱ እንደ በደለኛ ራሱን ይቈጥራል፤ ወይም ሐኪሙን ሳያማክር ይጾምና ይደክማል። የነፍስ አባቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ «ብላ፤ ጠጣ፤ መድኃኒትህንም ውሰድ» ቢለው ይህ ሸክም ይቀልለታል። ጠበልም መድኃኒትን የሚያስጥል እንዳልሆነ፣ በአንድ ጊዜ በብዛት መጠጣት ግን አዲስ ለተቀጠለ አንጀት እንደማይስማማ ቢነግረው መልካም ያደርጋል።

በሥራ ላይ ያሉ ሹማምንትም የበኩላቸው ድርሻ አላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ሕጉ ይህን ቢያደርግም፣ ሠራተኛው ከተመለሰ በኋላ መቀመጫውን ወደ ሽንት ቤት ማቅረብ፣ በስብሰባ መካከል ሳይጠይቅ እንዲወጣ መፍቀድ፣ ለጥቂት ጊዜም ቀላል ሥራ መስጠት በሕግ ሳይሆን በአለቃው አስተዋይነት የሚፈጸም ነገር ነው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሆኖም አንድን ሠራተኛ ከሥራው ከመሰናበት ሊያድነው ይችላል።

ይህ ሕመም ባለሥልጣንና ጳጳስ የማይለይ ለመሆኑ ታሪክ ምስክር ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አንጀታቸው ተዘግቶ በጁን 9 ቀን 1956 ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሐኪሞቹም የታመመውን ስፍራ ዙሮ የሚያልፍ አዲስ መንገድ በአንጀታቸው ሠሩላቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ዐርፈው፣ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር እንደ ገና ተመረጡ። የሮማው ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በሜይ 13 ቀን 1981 በጥይት በቈሰሉ ጊዜ አንጀታቸው ተቈርጦ ጫፉ በሆዳቸው ላይ ወጥቶ ነበር። በጁን መጀመሪያ ከሆስፒታል ቢወጡም ትኵሳት ይዟቸው በዚያው ወር ተመለሱ፤ አንጀታቸው የተመለሰላቸው በኦገስት 5 ቀን ሲሆን፣ ከሆስፒታል የወጡት በ14ኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ በመንበራቸው ተቀምጠዋል። እነዚህን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች ከረጢት ከመያዝና ደጋግሞ ከመተኛት ካልዳኑ፣ በዚህ ምክንያት የሚያፍር ሰው ሊኖር አይገባም።

እንግዲህ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደተባለው፣ የተቀጠለ አንጀትም ቀስ በቀስ ሥራውን ይለምዳል። ትናንት 12 ጊዜ የተነሣ ዛሬ 10 ጊዜ ቢነሣ፣ ትናንት እስከ በሩ የሄደ ዛሬ እስከ አጥሩ ቢደርስ ይህ መዳን ነው። በሽተኛው ይህን በየቀኑ ይመዝን፤ ቤተ ሰቡ ሳያዝንበትና ሳያስቸኵለው ይርዳው፤ ካህኑ ያጽናናው፤ አለቃውም ይጠብቀው። የሐኪሙ ድካም ፍሬ የሚያፈራው እነዚህ ሁሉ የየድርሻቸውን ሲፈጽሙ ነው።