ኮር ሲበዛ የሚዘገየው ሪሌይ

መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ ወሬ ይነሳል፦ «ኪሳችን ያለው ስልክ እንኳ ስምንት ኮር አለው፤ የመብራት ኃይል መቆጣጠሪያ ባለ ብዙ ኮር ፕሮሰሰር ቢገጠምለት ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።» ትራንስፎርመር ተቃጠለ፣ ዛፍ ሽቦ ላይ ወደቀ፣ መልሱ ያው ነው። ይህን ወሬ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም፤ መሣሪያ የሚገዙ ሰዎችም ይሰሙታልና።

ከበለስ ተነስቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣው ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር ሱሉልታ ይገባል፤ የግልገል ጊቤ 2 ደግሞ ሰበታ። በእንዲህ ያለ መስመር ጫፍ ያለ ዲጂታል መከላከያ ሪሌይ ቮልቴጅና ከረንቱን ሲያነብ ይውላል፤ አደጋ ሲያይ ብሬከሩን ያስቆርጣል። ኤሌክትሪካችን በሰከንድ 50 ዑደት አለው፤ አንዱ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። በዲጂታል ማከፋፈያ ጣቢያዎች በተለመደው አሠራር ከአንድ ዑደት 80 ናሙና ይወሰዳል። ስለዚህ በየ250 ማይክሮ ሰከንዱ አዲስ ቁጥር ይደርሳል፤ የቀደመው ስሌት ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ስሌቱ ራሱ የታወቀ የፎሪየር ሒሳብ ነው፤ አላቆያችሁበትም።

ጣጣው ያለው ሜሞሪው ጋ ነው። ኮሮቹ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ የስሌት ክፍሎች፣ ስምንት ቢሆኑም ወደ ዋናው ሜሞሪ የሚያደርሰው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ነው፤ ለአንድ ቦኖ ስምንት ሰው ጀሪካን ይዞ ቢሰለፍ ውሃው አይፈጥንም። ካሽ የሚባለው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪም ቢሆን የመጨረሻው እርከኑ በብዙ ቺፖች ላይ የጋራ ነው።

የሪሌዩ ስሌት በአንደኛው ኮር ላይ እየሄደ ነው እንበል። ያለፈው ዑደት ናሙናዎችና ስሌቱ የሚጠቀምባቸው የማባዣ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ካሽ ውስጥ ናቸው፤ ንባቡ ጥቂት ናኖ ሰከንድ ቢፈጅ ነው። በዚህ መሃል ሦስተኛው ኮር የሁነት መዝገብ መጻፍ ይጀምራል። የእሱ መረጃ ካሹን ሞልቶ የሪሌዩን ሠንጠረዥ ያስወጣዋል። ሪሌዩ ያንኑ ቁጥር ዳግም ሲፈልግ ዋናው ሜሞሪ ድረስ መሄድ ይኖርበታል፤ ይህ 100 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው፣ ወረፋ ካለም ይብሳል። አንዴ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። በአንድ ስሌት ውስጥ ሺህ ጊዜ ከሆነ ግን ካለን 250 ማይክሮ ሰከንድ ላይ 100ው ሄደ። ሁለቱም ፕሮግራሞች እንከን የላቸውም፤ ለየብቻቸው ሲፈተሹም ያልፋሉ።

መዝገብ ጻፊው፣ ማንቂያው፣ ስክሪኑና መልእክት ላኪው በአንድ ላይ የሚነሱት ደግሞ መቼ ነው? መስመሩ ላይ አደጋ ሲደርስ። መጨናነቁ የሚብሰው ሪሌዩ መዘግየት በማይገባው በዚያች ቅጽበት ነው። አማካይ ፍጥነት እየጠቀሰ ዕቃውን የሚያሞግስ ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ባለ ብዙ ኮር አይሠራም እያልኩ አይደለም። ካሹን ለየኮሩ መከፋፈል፣ ለእያንዳንዱ የሜሞሪ ኮታ መስጠት፣ የቮልቴጅና የከረንቱን ስሌት ኤፍፒጂኤ ለሚባለው ቺፕ መተው፣ ሁሉም ተሞክረው የሠሩ ናቸው። ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወናም እ.ኤ.አ. በ2024 ለቅጽበታዊ ሥራ የሚሆነውን ማሻሻያ ወደ ዋናው ኮድ አስገብቷል፤ ይህ ግን የሥራዎችን ተራ ያስተካክላል እንጂ የሜሞሪውን ወረፋ አይነካም። በኛ ሙያ ውስጥ ያላለቀው ክርክር የከፋው ጊዜ፣ ማለትም አንድ ስሌት ቢዘገይ ቢዘገይ የሚፈጀው ጊዜ፣ እንዴት ይታወቃል የሚለው ነው። በመለካት የሚያምኑ አሉ፤ እኔ የተለካው ያጋጠመን የከፋ ጊዜ እንጂ ሊያጋጥም የሚችለው አይደለም ከሚሉት ነኝ። በሒሳብ የሚያረጋግጡት በበኩላቸው አንዳንዴ እጅግ የተጋነነ ቁጥር ያወጣሉ፤ ይህ ወቀሳ ተገቢ ነው። የአቪዬሽን ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ካስት 32ኤ በተባለ ሰነድ፣ ኮሮች እርስ በርስ የሚደናቀፉባቸውን መንገዶች አምራቹ ራሱ ለይቶ እንዲያሳይ ጠይቀዋል።

ለማከፋፈያ ጣቢያ የግዥ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰውም የኮሩን ብዛት ትቶ ይህንኑ ይጠይቅ፦ ኮሮቹ ሁሉ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ካሹ በሌላ መረጃ ተሞልቶ፣ የማንቂያ ጎርፍ እየመጣ ሳለ፣ የመቁረጫ ትእዛዙ ቢዘገይ ቢዘገይ በስንት ማይክሮ ሰከንድ ይወጣል?