ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውን ውኃ ከክሮም ስለ ማጥራት

ቆዳ ማልፋት በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። የቀድሞ ፋቂዎች ቆዳውን የሚያለፉት በዕፀዋት ነበር። ዛሬ ግን ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢው ገበያ የሚሰበሰበው ቆዳና ሌጦ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ከነዚህም ፋብሪካዎች አንዱ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር ከተማ ይገኛል።

በፋብሪካ ቆዳው እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ክሮም የሚባል ማዕድን ጨው ነው። ቆዳው ከክሮሙ ከመቶ 60 እስከ 70 ያህሉን ብቻ ይጠጣል፤ የቀረው ከእጣቢው ጋራ ይወጣል። ይህም ክሮም ወደ ሌላው ዓይነት ሲለወጥ ቁርበትን የሚያቈስል፥ የነቀርሳም በሽታ የሚያመጣ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ከ0.05 ሚሊግራም የበለጠ ክሮም እንዳይገኝ መክሯል።

ብዙ ሰው ውኃ ከፈላ ንጹሕ ይሆናል ብሎ ያስባል። መፍላት በዓይን የማይታዩትን ተሐዋስያን ይገድላል፤ ማዕድን ግን ሕይወት የለውምና አይሞትም። መምህሩ ይህን በገበታ ጨው ሊያስረዳ ይችላል። ጨው በውኃ አሟምቶ በነጠላ ቢያጠልለው ውኃው ጨው ጨው ማለቱን አይተውም፤ ቢያፈላውም ውኃው ተንኖ ጨዉ በድስቱ ውስጥ ይቀራል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ያለው ከቤት ሳይሆን ከፋብሪካው ደጅ ነው። የክሮሙ ውኃ ከሌላው እጣቢ ተለይቶ በገንዳ ይጠራቀማል። ውኃው ኮምጣጣ ስለ ሆነ ኖራ ይጨመርበታል፤ ኮምጣጣነቱም ሲጠፋ የሟሟው ክሮም አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ፥ አተላ በጋን ሥር እንደሚዘቅጥ፥ ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ የጠራው ውኃ ወደ ሌላ ማጣሪያ ይተላለፋል። በኖራ ፈንታ ማግኒዥየም ኦክሳይድ የተጨመረ እንደ ሆነ፥ ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ዳግመኛ ለቆዳ ሥራ ይውላል፤ ይህም ለባለ ፋብሪካው ትርፍ ነው። ዝቃጩ በሜዳ ቢደፋ ግን ዝናም አጥቦ ወደ ወንዝ ይመልሰዋልና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 አካባቢን መበከል ከልክሏል። ማንም ሰው፥ ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስም እንኳ፥ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት ለማለት መብት እንዳለው ደንግጓል። ከፋብሪካ በታች ያለ ወንዝ ተመርምሮ ንጽሕናው እስኪታወቅ ድረስ ሰው እንዳይጠጣው፥ ከብትም እንዳይጠጣበት ሽማግሌዎች ሊመክሩ ይገባል። ውኃው ጥርት ብሎ ቢታይም በውስጡ የሟሟውን ዓይን አያየውምና።